አንዱ ብስል፣ አንዱ ጥሬ

የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወገኖቼ፣ የሰላሙ ነገር፣ የዝናቡ ነገር፣ የኑሮው ነገር ሁላችንንም ያነጋግረናል፤ እኔ ግን ዛሬ ላዋያችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ነው። በየመንደሩ አለ፤ ምናልባትም ከአንዳችሁ ቤት ደብተሩን ሸሽጎ ተቀምጧል። ጨዋታ ሲነሣ እንደ አዋቂ ይናገራል፤ መጽሐፍ ሲከፈትለት ግን አፉ ይያዛል። አባቶቻችን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላሉ። ተረቱን የምናውቀው የልጅን ወሬ ሁሉ እንዳናምን ሲያስጠነቅቀን ነው። እኔ ለሌላ ላውለው፤ አእምሮው ብስል፣ ንባቡ ጥሬ የሆነ ልጅ አለና። ምክሬንም ከመጀመሪያው ልናገረው፤ ጥሬው እስኪበስል ስትጠብቁ ብስሉ እንዳይበሰብስባችሁ።

ይህን ልጅ መርሳ ገበያ፣ ሽንኩርት ከምትሸጥ እናቱ ጎን ቁጢጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። ገዢው ሦስት ኪሎ ተኩል ሲል እሷ ገና ጣቷን ስታጣጥፍ እሱ ሒሳቡንም መልሱንም ተናግሮ ጨርሷል። የተበላሸ የእጅ ባትሪ ብትሰጡት ፈታቶ፣ ሽቦውን አገናኝቶ፣ አብርቶ ይመልስላችኋል። አያቱ አንድ ጊዜ ያወሩትን ተረት ከነለዛው ይደግመዋል። ማታ መጽሐፍ ሲይዝ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ጣቱን ከፊደል ፊደል እየጎተተ፣ «በ»ን «ሰ» እያለ፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቦ ሌላውን እየዘለለ ይሄዳል። ትናንት የለየው ቃል ዛሬ እንግዳ ይሆንበታል። ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ግንባሩን ላብ ያቸፈችፈዋል፤ ራሴን አመመኝ ይላል። ሰበብ እንዳይመስላችሁ፤ በእርግጥ ደክሞታል።

ባለሙያዎች ይህን ዲስሌክሲያ ይሉታል። ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ማሰቡም ደኅና ነው፤ የንግግርን ድምፅ በትንንሹ ለይቶ ከፊደሉ ጋር ማዛመድ ላይ ግን አንጎሉ ይዘገያል። ብዙውን ጊዜ በዘር ይወርዳል፤ አባትየውን ብትጠይቁት «እኔም ፊደል አልገባ ብሎኝ ነው ትምህርቱን የተውሁት» ሊላችሁ ይችላል። በመድኃኒት የሚድን ሕመም አይደለም፤ ደኅና አድርጎ የሚያስተምረው ካገኘ ግን ልጁ ያነባል። የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ሸክም አለው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባት ቤታቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ነው። «ደ»ና «ጀ» በትንሽ ጭረት ይለያያሉ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት መልክ ይዘው በአንድ ድምፅ ይጠራሉ። የሚጠብቀውና የሚላላው ምልክት የለውም፤ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ ልጁ ከአገባቡ መገመት አለበት። ለሌላው ልጅ ዳገት የሆነው ለእሱ ገደል ይሆንበታል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት አልልም። የእኛ ልጆች ብዙ ዘመን ተቀምተዋል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የክልላችን ጸጥታ ታውኮ ስንቱ ልጅ ከትምህርት ርቆ እንደዋለ እናንተው ታውቃላችሁ። ደኅና በተባለው ዘመን እንኳ፣ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያ ሁሉ ልጅ በተፈጥሮው ፊደል የሚከብደው ሆኖ አይደለም፤ በወጉ የሚያስተምረው አጥቶ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ልዩነቱ የሚታየው ልጁ በወጉ ከተማረ በኋላ ነው። ጊዜው የባከነበት ልጅ ጥቂት ወራት ተረጋግቶ ሲማር ወደ እኩዮቹ ይጠጋል። ዲስሌክሲያ ያለበት ግን ታናሽ እህቱ ቀድማው ስታነብ እሱ እዚያው ይቀራል፤ በቃል ሲጠየቅ የሚመልሰውን በጽሑፍ ሲጠየቅ ያጣዋል። እንግዲህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ስንት የትምህርት ጊዜ እንደባከነበት አስቡለት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነውና በአንድ ሳምንት አትፍረዱ። ግን አትዘግዩ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም እውነት ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የተደረሰለት ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ከሚታሰብለት ይልቅ ሥራው ይቀልለታል።

ብልህ ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይሸፈናል። ጓደኛው ሲያነብ ሰምቶ ገጹን በቃሉ ይይዝና፣ ተራው ሲደርስ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ ይወጣዋል። መምህሩ አነበበ ብሎ ያልፈዋል። ከመካከል አንዲት ቃል ጠቁማችሁ ይህ ምን ይላል ብትሉት ያን ጊዜ ይጠፋበታል። እንዲህ እያለ ብልሃቱ ችግሩን ይሸፍነዋል፤ ችግሩም በፈንታው ብልሃቱን ይሸፍነዋል። ከክፍሉ መካከለኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ለጎበዞቹ ሽልማት አይጠራ፣ ለደካሞቹ ማጠናከሪያ አይጠራ። ሁለት ሰው የሚያደክም ሥራ ብቻውን እየሠራ «ብትጥር ኖሮ ጥሩ ትሆን ነበር» ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።» አባት ሰነፍ ይለዋል፣ እኩዮቹ ደደብ ይሉታል፣ ጎረቤት ዓይን በልቶታል ይላል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንል ሕዝብ በሰባት ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ስም ስንለጥፍ አንፈራም? «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ አርጩሜ የሚያነሣም አለ። ተረቱ እኮ እምቢ ላለ ነው! ይህ ልጅ እምቢ አላለም፤ አልሆንልህ አለው እንጂ። አልሆን ያለውን ነገር ትቶ ልጁን መምታት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ዱላ ፊደል ሲያስለይ አላየሁም፤ ከፊደል ሲያስበረግግ ግን አይቻለሁ።

የበረገገ ልጅ ወዴት እንደሚሄድም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንዱ ትምህርት አይሆነኝም ብሎ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ይነጉዳል፤ ከደረሰ ነው። ሴቷ «መቼም አላነበበች» ተብላ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላት ትዳራለች፤ ሕጉም አይፈቅድ፣ ገላዋም አልጠና። በሴት ልጅ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ዝም ብላ ስለምትቀመጥ፣ ስለማትረብሽ፣ ማንም ልብ ሳይላት ታልፋለች። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይኸው ነው፤ አእምሮ ሞልቶላት በዕውቀት ረኃብ መቀጣት።

በመስኖ የምታርሱ የሐብሩ ገበሬዎች አንድ ነገር አስታውሱኝ። ማሳው ሲደርቅ የውኃ አባት ምን ያደርጋል? አፈሩን አይራገምም። የደረቀውን መሬትም አሥር ጊዜ ደጋግሞ አያርስም። ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ደለል የሞላበትን፣ ድንጋይ የወደቀበትን ሥፍራ ፈልጎ ይጠርጋል። ደለሉ የማይነሣ ከሆነ በሌላ በኩል ቅያስ ይቀድዳል። ደለሉ እስኪጠረግም ቡቃያው እንዳይሞት በእንስራም ቢሆን እያመላለሰ ያጠጣዋል። የዚህም ልጅ ነገር እንዲሁ ነው። ክፍል ማስደገም የደረቀውን መሬት ደግሞ ማረስ ነው፤ ባለፈው ዓመት ያልገባው አስተማመር ዘንድሮም ያው ከሆነ አይገባውም። ቦዩን መጥረግ ንባቡን በሌላ ብልሃት ማስተማር ነው። በእንስራ ማጠጣት ደግሞ ዕውቀቱን በጆሮውና በእጁ በኩል ዛሬውኑ ማድረስ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን ይሠራሉ። «መጀመሪያ ያንብብ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል» የሚል ሰው ቡቃያውን እያደረቀ ቦይ ይጠርጋል።

ይህን የምለው ከውጭ ተውሼ አይደለም። የራሳችን አገር ለዚህ ምስክር ናት። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራው የዋድላ ቅኔ ከዚሁ ከሰሜን ወሎ ደጋ የወጣ ነው። የቅኔ ተማሪ ወረቀትና ብርዕ ይዞ አይቀመጥም፤ ዛፍ ሥር ተጠልሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ በልቡ ቆጥሮ፣ መጥቶ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል። መምህሩም ሰምቶ በቃሉ ያርመዋል። በየአብነት ጉባኤው ስንት ዓይነ ስውር የኔታ ወንበር ዘርግተው ሊቃውንት አፍርተዋል! መጽሐፉን አላዩትም፤ መጽሐፉ ግን በውስጣቸው ነበር። በየጁ ምድር፣ በዳና ሼሆች ዙሪያ የተማሩ ደረሶችስ ቢሆኑ? በሉሕ ላይ የጻፉትን ጮኸው አንብበው፣ በልባቸው ይዘው፣ አጥበው ሌላ ይጽፋሉ፤ መንዙማውም ከአፍ ወደ ጆሮ እየፈሰሰ ነው ከእኛ የደረሰው። ዕውቀት በአንድ በር ብቻ ይገባል ያለን አባት የለም።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ገርፈውት ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ደጋግማ እየወደቀች ግንዱን የወጣችውን ትል አይቶ ተመለሰ፤ በኋላም ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ዝማሬውን፣ መዋሥዕቱን አበረከተልን። ያሬድ ዲስሌክሲያ ነበረበት እያልኩ አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ይህን ታሪክ ለልጅ የምንነግረው «ትሏ እንኳ ወድቃ ተነሥታለች፤ አንተስ?» እያልን እሱን ለመገሠጽ ብቻ ነው። ለመምህር የሚሆን ትምህርትም አለው። ትሏ ስትወድቅ የገረፋት የለም። የተገረፈው ልጅ ሸሸ፤ ያልተገረፈችው ትል ከላይ ደረሰች።

ከውጭም ካነሣን አንድ ሰው ልጥቀስ። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ቻርጅ ተደርጎ የሚውለው በሊቲየም ባትሪ ነው። ይህን ባትሪ እውን ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ጆን ጉዲናፍ ነበሩ። በልጅነታቸው ማንበብ የሚያስቸግራቸው፣ ዲስሌክሲያ የነበረባቸው፣ በዚያን ዘመንም ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ያጡ ልጅ ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ዕድሜያቸው 97 ደርሶ ነበር። ፊደል የከበደው ሁሉ ሊቅ ይሆናል ብዬ አልሸነግላችሁም፤ «አምስት ጣት እኩል አይደለም።» ዲስሌክሲያ ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ እንደ ማንኛችንም መካከለኛ ናቸው፤ እነሱም ማንበብ መማር ይገባቸዋል። የምለው፣ በንባቡ ብቻ ለክታችሁ የልጁን ቁመት አትወስኑ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ መምህራን። ክፍላችሁ እንደሚጨናነቅ፣ ደመወዛችሁ ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማትችሉትን አልጭንባችሁም። ይህን ልጅ ሳይዘጋጅ ከሰው ፊት አቁማችሁ አታስነብቡት። ከሰሌዳ ረጅም ጽሑፍ ሲገለብጥ ሰዓቱን አታቃጥሉበት። የሳይንስ ጥያቄ መልሱ ልክ ከሆነ ፊደል ስለገደፈ ብቻ ዜሮ አትስጡት። ጥያቄውን አንብቡለትና በቃሉ ይመልስ፤ ወይ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። ፊደል ስታስጠኑት ጥቂት ጥቂት አድርጉት፤ የሚመሳሰሉትን በአንድ ቀን አታምጡበት። «ደ» ሥር ሳይሰድ «ጀ»ን አታሳዩት። ድምፁን እየጠራ በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፈው፤ ዓይኑም፣ አፉም፣ ጆሮውም፣ እጁም አብረው ይማሩ። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ፣ ልጁም ጮኾ እየጠራ የተማረው የድሮው ዘዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ግን አይቋረጥ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ከዚያው ጎን ለብልሃቱ ሥራ ስጡት። ሒሳቡ ከገባው የሚከብደውን ስጡት፤ ንባቡ የሁለተኛ ክፍል ስለሆነ ሒሳቡንም የሁለተኛ ክፍል አታድርጉበት። ታሪኩን በቃሉ ይተርክ፣ ካርታውን ይሣል፣ የቤተ ሙከራውን ዕቃ እሱ ይገጣጥም። ጥሩ አንባቢ ከሆነ ጓደኛው ጋር አጣምሯቸው፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ያብራራ። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ማንም ማንንም አይመጸውትም።

እናንተ ወላጆች፣ ከወንድሙ ጋር አታወዳድሩት። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።» ማታ ሥራ ስትጨርሱ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ማንበብ የምትችሉ አንብቡለት፣ የማትችሉ እኅቱ ታንብብለት፣ እናንተም አብራችሁ ስሙ። ሲሳሳት ቃሉን ንገሩትና ይቀጥል። ሲደክመው «አብሽር» በሉት፤ በእኛ አገር ይህች ቃል ስንቱን ሰው ከወደቀበት አንሥታለች። ጠበሉንም ዱዓውንም ተዉ አልልም፤ እሱን እያደረጋችሁ ትምህርቱንም አታስታጉሉበት። ከሁሉ በላይ አትደብቁት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ሲያውቁ፣ ሌላው እናት በጓዳ በሚሸሽግበት ዘመን፣ እሳቸው በአደባባይ ተናገሩ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ከፈቱ። ኦቲዝምና ዲስሌክሲያ አንድ አይደሉም። ግን አንዲት እናት ሳታፍር ስትናገር ስንት የተዘጋ በር እንደሚከፈት ከእሳቸው አይተናል። እናንተም ለመምህሩ ሄዳችሁ «ልጄ በቃሉ ያውቃል፣ ፊደል ግን ይቸግረዋል» በሉ። ይህን ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም።

መንግሥትም ቃል አለበት። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዓላማዎቹ በአንዱ፣ አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር፤ እኛ የምናወራለት ልጅ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሊታሰብለት ይገባል እንጂ ሁለት ጊዜ አይረሳም። ለዓይነ ስውር ተፈታኝ ጥያቄውን የሚያነብ ሰው ይመደብለታል፤ ተገቢ ነው። ንባብ የሚያዘገየው ተፈታኝም ተጨማሪ ሰዓት እንዲታሰብለት ርእሰ መምህራን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያልተጠየቀ ነገር አይመለስም። የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነገ ክፍል የሚገቡትን ያወጣልና፣ እጩ መምህር ይህን ልጅ መለየት ሳይማር አይመረቅ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የመርሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከል በደጃችን ናቸው፤ እጁ የሚያስብ ልጅ እዚያ ገብቶ ማሽኑን፣ ዘሩን፣ አፈሩን በዓይኑ ቢያይ፣ የሚማርበት ምክንያት ያገኛል።

ቅሬያችንም ለቀብር ብቻ አትሰብሰብ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። በየቅሬው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሥራ ፈት ወጣት አለ፤ በሳምንት ሁለት ማታ ለሰፈሩ ልጆች ጮክ ብሎ ቢያነብ ምን ይከብደዋል? ቄሱም ሼሁም ከቡራኬና ከዱዓ በኋላ አንዲት ቃል ቢጨምሩ፣ «ፊደል ያልገባውን ልጅ አትምቱ» ቢሉ፣ ከእኔ ይልቅ እነሱ ይሰማሉ።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከደብተሩ በፊት የሚያውቀውን ጠይቁት፤ ሲያስረዳችሁ ጨርሳችሁ ስሙት። ቀጥላችሁ መጽሐፉን አምጡና ሩብ ሰዓት አብራችሁት አንብቡ። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ሰላሙን ያውርድልን፣ የተዘጋው ትምህርት ቤት ይከፈት፣ የተሰደደው ይመለስ። ከእናንተ ቤት የሚወጣው ልጅ ለአገር የሚተርፍ ይሁን። አሜን በሉ።